ለቀባሪ እድር አለን፣ ለጧሪስ?
ለሰሜን ሸዋ ዞን የፍትህ ሰዎች፣ ለእድሮቻችንና ለንስሐ አባቶቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዞናችን የፍትህ ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ የእድር ሰብሳቢዎች፣ የተከበራችሁ አባቶች፣

በኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ አሜን እንዳልኩ አላውቅም። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ግን ምርቃቱ ውስጥ ሁለት ሰው እንዳለ ገባኝ። አንዱ ጧሪ ነው፣ ሌላው ቀባሪ። ለቀባሪው ሁሉን አሰናድተናል። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ወንበሩ ይደረደራል። ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ በእድሩ ደንብ ተጽፏል። ለጧሪው ግን የተጻፈ ነገር የለንም። ሰው ሲወድቅ ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ልጅ ትጦረዋለች ብለን ዝም እንላለን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ዝምታ ምክንያት ቤታችን የደረሰበትን አይቼ ነው። እናንተ ዘንድ ብዙ ነገር ማቅለል እንደሚቻልም ስለማምን ነው።

እናቴ የመንዝ ሴት ናት። መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበራት። ገጠር ደግሞ ካባቴ ጋር በአንድ ደብተር የተመዘገበ መሬት ነበራቸው፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎበታል። አባቴ ቀድሟት አረፈ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ግራ ጎኗ ከዳት። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ሕይወቷ ተርፎ ወደ ቤት ስትመለስ ማን ይይዛታል ብሎ የተወያየ ሰው አልነበረም። ታናሽ እህቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ቁርስ ቤት ነበራት። ዘግታ መጣች። «ለጊዜው ነው» ተባባልን። ያ ጊዜ ስድስት ዓመት ሆነ።

ማስታመምን ያልሞከረው ሰው ውኃ ማቀበል ይመስለዋል። አልጋ ላይ የቀረ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። የአልጋ ቁስል አንዴ ከወጣ ደግሞ አይምርም። ስለዚህ እህቴ ሌሊቱንም በየሁለት ሰዓቱ ትነሳ ነበር። መንዝ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ባናውን ገልጣ፣ ታገላብጣታለች፣ ትጠርጋታለች፣ መልሳ ትሸፍናታለች። ጠዋት አጥሚት በማንኪያ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳያንቃት። ከዚያ አንሶላ ማጠብ። በዚያ ብርድ አንሶላ ቶሎ አይደርቅም፤ ምድጃ ዳር ተሰቅሎ ሲጨስ ይውላል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ነበራት፣ እግዜር ይስጠው፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ረድቶናል። ቤት ውስጥ ለምታገላብጣት ልጅና ለዳይፐሩ የሚከፍል ግን የለም። ወንድሞቼና እኔ ስንችል እንልካለን። አንዳንድ ወር ላክን፣ አንዳንድ ወር ሳንልክ ቀረን። ማን ስንት ይላክ የሚል ስምምነት ስላልነበረን እህቴ በየወሩ እየደወለች ትለምን ነበር። የገዛ እናታችንን እየጦረችልን፣ እንደ ለማኝ።

ሕጉ ይህን ዝም አላለውም ነበር። የቤተሰብ ሕጉ ወላጅና ልጅ እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል። ለልጅ ብቻ የሚቆረጥ ቀለብ የለም፤ ለእናትም አለ። ይህን ያወቅሁት ከቀበርናት በኋላ ነው። አውቀን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት እንሄድ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ተቀምጠን፣ የየአቅማችንን ቆርጠን፣ ወረቀት ላይ አስፍረን እንፈራረም ነበር። አራት መስመር ወረቀት እህቴን ከስድስት ዓመት ልመና ያድናት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እናቴ ከመጀመሪያው ሕመሟ ትንሽ ስታገግም የንስሐ አባቷን አስጠራች። አእምሮዋ ያኔ ሙሉ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት «ይህ ቤት ለዚች ላጠበችኝ ልጅ ይሁን» አለች። ሁላችንም ሰማን። አለቀስን። ነገሩ አለቀ ብለን አመንን። የንስሐ አባቷም አሳረጉ። በኛ አገር ኑዛዜ እንዲህ ነው፤ አያቶቻችንም እንዲህ ነው ያደረጉት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜን አልሻረም። ግን በጣም ጠባብ በር ነው የተወለት። የሞቱ ሰዓት መቅረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ሊናዘዝ ይችላል። በዚያ ቃል ማዘዝ የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የቀብሩን ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን ጉዳይ፣ እና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎችን። 500 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንዲት ዶሮ ለመግዛት እንኳ ይቸግራል። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም። ደግሞም ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቃሉ ይሞታል። እናቴ ስድስት ዓመት ቆየች። ስለዚህ ያ ሁሉ እንባ ያየነው ኑዛዜ በሁለት መንገድ ዋጋ አልነበረውም። እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ተደግፈንበት ነበር።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. አረፈች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ወንድሞቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያንገላታዋል፣ አንዱ ባሕር ማዶ ነው፤ ውክልናውን በኤምባሲ አስፈርሞ ላከ። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ አራት ነን፣ አራት ቦታ ተካፈልን። ዳኛው ሕጉ የሚለውን ነው የፈረደው። የቁርስ ቤቷን የዘጋች፣ ስድስት ዓመት ሌሊት የተነሳች እህቴ ያገኘችው እኔ ያገኘሁትን ያህል ነው። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ለፋሲካና ለመስቀል እየመጣሁ የተመለስኩት። ድርሻዬን ለእሷ ሰጠኋት። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ ነገሩ በኔ ልብ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም ለማለት ነው። በወረቀት ላይ መሆን ነበረበት።

ወረቀቱ ምን ያህል ከባድ ነበር? ብዙ አይደለም። ሕጉ «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» የሚለው አለ፣ ቁጥር 881። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፣ ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ማንበብና መጻፍ የማይችልም ሰው ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። በፊታቸው መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ ወይም አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ይኸው ነው። የሚያፈርሰው ትንሽ ነገር ነው። ምስክሮቹ ሦስት ሆነው የተገኙበት፣ «ተነቦ» የሚለው ቃል የቀረበት፣ አንዱ ምስክር በማግስቱ የፈረመበት ኑዛዜ ፍርድ ቤት ደርሶ ይወድቃል። የሚጠቀመው ልጅ ወይም የእሱ ባለቤት ምስክር ሆነው እንዳይገቡም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለአባቶቻችን አንድ ነገር ልበል። በቋንቋችን ለነፍስ የሚደረገውም ለንብረት የሚደረገውም አንድ ስም ነው፤ ኑዛዜ። አንድ ስለሆኑ አንድ ላይ፣ በአንድ አልጋ ዳር፣ በመጨረሻዋ ሰዓት እናደርጋቸዋለን። ነገር ግን የነፍሱ በምስጢር ነው የሚደረገው፣ የንብረቱ በአራት ሰው ፊት። የነፍሱ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ጊዜ አለው። የንብረቱ አእምሮ ሙሉ ሳለ ማለቅ አለበት። እናንተ በየወሩ ጠበል ልትረጩ፣ በዓመት ለዝክር ቤታችን ትገባላችሁ። ከማንም ይልቅ እናንተን እንሰማለን። ሽማግሌው ጤነኛ ሆኖ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ልጄ፣ ኑዛዜህን አስጽፈሃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሟርት አይባልም። እኔ ብጠይቅ ይባላል። ብዬ አይቻለሁ፤ «ጠላትሽ ይሙት፣ ምን አስቸኮለሽ?» ነው የተባልኩት።

የመጻፉን ነገር ለባዕድ አገር ሰው እንደምናስረዳ መሆን የለበትም። እኛ የርስት ሰዎች ነን። መንዝ ውስጥ አያቶቻችን ዘራቸውን እስከ አቅኚው አባት እየቆጠሩ ነው መሬት የተካፈሉት። ማን ከማን እንደተወለደ በቃላቸው ይዘው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ከሻረው በኋላም ያ የሙግት ልማድ ከደማችን አልወጣም። ለድንበር ድንጋይ አሥር ዓመት የሚከራከር ሰው ስለ ራሱ እርጅና አንድ ገጽ ለማስጻፍ ለምን ይሰንፋል? መልሱ ፍርሃት ይመስለኛል። ሞትን መጥራት ይመስለናል። እርጅናን ደግሞ ከሞት በላይ እንፈራለን።

ሁለተኛው ያቃጠለን ነገር ውክልና ነው። ይህኛው ከኑዛዜም በላይ ያልታወቀ ስለሆነ ልዘርዝረው።

እናቴ ባሕር ዛፍ አሽጣ ባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበራት። ለክፉ ቀን ብላ ነው። ክፉው ቀን መጣ። መጀመሪያ ላይ ታላቅ ወንድሜ የእናቴ ወኪል ነበር፤ ጠቅላላ ውክልና። በሦስተኛው ዓመት እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ እኔን። የሐኪም ወረቀት «የመርሳት በሽታ» አለ። ያን ጊዜ ወኪሉን መቀየር ፈለግን፤ ወንድሜ ርቆ ስለነበር እህቴ ትሁን አልን። እናቴን በወንበር ተሸክመን አንድ ቢሮ ወሰድናት። ባለሙያው በትህትና «እማማ፣ ለምን መጡ?» አላት። እናቴ ፈገግ ብላ ስለ በጎቿ አወራችው። ወረቀቱን ዘጋው። ልክ ነበር። ያልገባትን ማስፈረም አይችልም። ያሳዘነኝ ከዓመት በፊት «አልጋ ላይ ናት፣ ቤት መጥታችሁ አስፈርሟት» ብለን ለምነን «እኛ አንወጣም» መባላችን ነው። ያኔ አእምሮዋ ነበረ፣ እግሯ ብቻ ነበር ያልነበረው።

አንድ ነገር ያኔ አላወቅንም። ፍትሐ ብሔሩ በቁጥር 2232 ላይ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል ይላል። ነገር ግን «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» የሚል በር ትቷል። ስለዚህ ሰው አእምሮው ሙሉ ሳለ «ወደፊት ችሎታዬን ባጣ ይህ ውክልና ይቀጥል» ብሎ ማስጻፍ ይችላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነች። ባየኋቸው የውክልና ፎርሞች ላይ ግን አላገኘኋትም። ሁለተኛው ደግሞ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ መሆኑ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ሥራው በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት። ብዙ ሰው «ጠቅላላ» የሚለውን ቃል አይቶ ሁሉን የሚያደርግ ይመስለዋል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ቤተሰቡ ወይም ዐቃቤ ሕግ አመልክቶ፣ ሰውየው ራሱን ማስተዳደር አለመቻሉ ተረጋግጦ፣ ፍርድ ቤቱ ሰውየው በራሱ ንብረት እንዳያዝ ክልከላ ይሰጥና አሳዳሪ ይሾማል። ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ አረጋዊን ከቀማኛ ይጠብቃል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጠበቃ ይፈልጋል፣ ምልልስ ይፈልጋል። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ የምትነሳ ሴት ለቀጠሮ ምልልስ ጉልበት ከየት ታምጣ? ተውነው። የባሕር ዛፉ ገንዘብ እናቴ እስክትሞት ባንክ ተቀመጠ። ለእሷ ዳይፐር መግዣ ሊሆን የሚችለው ገንዘብ በወራሽነት ወረቀት ወጥቶ ለአርባዋ ዝክር ሆነ። ይህን ሳስብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ለልጇ ማድላት የምትፈልግ እናት ኑዛዜ ብትጽፍም ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋታል፤ ምክንያቱም ሕጉ ለሌሎቹ ልጆችም ይቆማል። ልጅን ከውርስ መንቀል በግልጽ መነገርና ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ከድርሻው ከሩብ በላይ የጎደለበት ልጅም ሊቃወም ይችላል። በሕይወት ሳሉ ቤቱን በስጦታ መስጠትም መንገድ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ዓይነት አጻጻፍ ይፈልጋል። ስጦታው ላይ «እስከ ዕለተ ሞቴ ይጡረኝ» የሚል ግዴታ ማስገባት ይቻላል። ያለዚያ ግዴታ የሰጡ አዛውንቶችን አውቃለሁ፤ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው የቀሩ። ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝ አይችሉም፤ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። ሚስት በጋራ ካፈሩት ግማሹ የራሷ ነው እንጂ ያለ ኑዛዜ የባሏን ድርሻ አትወርስም። ይህ ብዙ መበለቶችን ያስደነግጣል። መጻፍ የሚችል ሰው ሙሉውን በእጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አድርጎ ለብቻው መናዘዝ ይችላል። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጠው ይሻራል። ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀመጡ መምህራን ይህን ይስሙ።

የገጠር መሬት የራሱ አዋጅ አለው፤ በክልላችን በአማራ ቁጥር 252/2009። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። ማን ሊወርስ እንደሚችል ከከተማ ቤት የተለየ መለኪያ አለው። ስለዚህ ለቤቱም ለመሬቱም አንድ ወረቀት ጽፎ መተኛት አያዋጣም። ደብተሩን ይዞ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይሻላል።

ደግሞም ወረቀት ይጠፋል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤት ብቻ አልነደደም፣ የሰው ወረቀትም አብሮ ነዷል። ኑዛዜም ሆነ ደብተር፣ ኮፒው ከቤት ውጭ አንድ ቦታ ይኑር።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልንገራችሁ።

የዞናችን የፍትህ ሰዎች፤ በወር አንድ ቀን ከቢሮ ውጡ። አዲስ አበባ ያለው የሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ለታመመና ለአቅመ ደካማ ሰው ካለበት ድረስ ሄዶ ያስፈርማል። የጌራ ምድር፣ የመርሐቤቴ፣ የአንኮበር አረጋዊስ ለምን አይደረግለትም? እንዲያውም ለእሱ ነው የሚያስፈልገው። ቆላ ወርዶ ደጋ ወጥቶ፣ መንገድ ሲከፈት ጠብቆ ነው የሚመጣው። መኪና ከሌለ በገበያ ቀን የወረዳ ከተማው ላይ አንድ ጠረጴዛ አውጡ። አልጋ ላይ ያሉትን ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በስም ያውቋቸዋል፤ ከእነሱ ተቀበሉ። በውክልና ፎርማችሁ ላይ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩና ተገልጋዩን «አእምሮዎን ቢያጡ ይቀጥል ወይስ ይቁም?» ብላችሁ ጠይቁት። ይቁም ካለ ይቁም። መጠየቁ ነው ዋናው። የሐኪም የብቃት ወረቀት ማያያዝ እንደሚጠቅምም ንገሩት፤ ኋላ «ጃጅታ ነበር» የሚል ወራሽ አይጠፋም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራል። ተማሪዎቹ መምህራኖቻቸውን ይዘው በክረምት ወደየወረዳው ቢወጡ፣ የኑዛዜና የውክልና ወረቀት በቀላል አማርኛ ቢያዘጋጁ፣ ለእነሱ ልምምድ ለኛ መዳን ነው። በከተማችን የሚሠሩ ጠበቆችም እንዲሁ። ለሙግት ከምንከፍላችሁ ለምክር ብንከፍላችሁ እንመርጣለን፤ ግን ለምክር እንደሚመጣ አናውቅም። ንገሩን።

የእድር ሰብሳቢዎች፤ እናንተን መለመን ከሁሉ ይቀለኛል፣ ምክንያቱም እናንተ አራት ምስክር ፍለጋ አትቸገሩም። ወር በወር ትሰበሰባላችሁ። በዓመት አንዱን ስብሰባ ለኑዛዜ አድርጉት። ማስጻፍ የፈለገ ያስጽፍ፣ ይነበብለት፣ አራት ሰው ይፈርምለት። ሁለተኛው ልመናዬ ለጧሪዋ ነው። ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ሥራ ፈትተን ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። ከዚያ ውስጥ አንዷን ቀን በሕይወት ላለው ብንሰጣትስ? የእድሩ ሴቶች በተራ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሄደው አልጋው አጠገብ ቢቀመጡ፣ ጧሪዋ ገላዋን ትታጠባለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ትተኛለች። እህቴ በስድስት ዓመት ውስጥ የእንጦጦ ማርያምን ንግሥ አንዴም አላየችም። ስእለት ነበረባት። ከእድሩ ገንዘብም አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ የአልጋ ቁስል የሚከላከል ፍራሽ ተገዝቶ እንደ ድስቱና እንደ ድንኳኑ ከቤት ወደ ቤት ቢዞር ብዙ ሰው ይረዳል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። አቅሙን እናውቃለን። ለዚህ ነው ትልቅ ሕንፃ ያልጠየቅሁት። መቄዶንያን የመሳሰሉ በጎ ሰዎች ከጎዳና የወደቀውን እያነሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። የኔ ጥያቄ ስለዚያ ገና በቤቱ ስላለው፣ ልጅ ስላለው፣ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ስላለው ሰው ነው። እሱን ጎዳና ሳይደርስ ማቆየት የሚቻለው በወረቀትና በሰው ተራ ነው።

ልጆችም፣ በተለይ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለን፣ በዚህ ፋሲካ አገር ቤት ስንገባ ከበጉ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። «እማዬ፣ ብትታመሚ ማን ቤት መሆን ትፈልጊያለሽ? ማን እንዲወስንልሽ ትፈልጊያለሽ? ገንዘብሽን ማን ያውጣልሽ?» እናቴን ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ምን ትመልስ እንደነበር አላውቅም። ያለምንም ጥርጥር ከቤቷ መውጣት አትፈልግም ነበር፤ ያን ብቻ በዓይኗ ነግራናለች።

እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ጽፈናል፤ እያንዳንዳችን በአራት ምስክር ፊት ተነቦልናል። እህቴ አሁን አምሳ ልትሞላ ነው። ልጅ አልወለደችም፤ የመውለጃ ዕድሜዋን በእናታችን አልጋ ዳር አሳለፈችው። ባለፈው «ወኪሌ አንቺ ትሆኛለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያችን ዓረፍተ ነገር በእጇ ጽፋ አሳየችኝ፤ «አእምሮዬን ባጣም ይቀጥል» ትላለች። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ይዘናት እንመጣለን። መስኮቱ ጋ የምትቀመጡት፣ ፎርሙ ላይ የለችም ብላችሁ አትሰርዙብን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመሐል ሜዳዋ ልጅ